አሮጌ ሞተር ወደ ቦበር ሲለወጥ፦ የቱ ይፈታ፣ የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይቅር?

ቦበር፣ ማለትም ትርፍ ብረቱ ተነቅሎ የቀለለ ሞተር፣ መሥራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያስወጣኛል?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ለማድረግ ያሰባችሁት ለውጥ በቁልፍ የሚፈታ ነው ወይስ በግራይንደር የሚቆረጥ? በቁልፍ የተፈታ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይታሰራል። የተቆረጠ ሻንሲ (የሞተሩ አጽም) ግን አይመለስም፤ ሊብሬው ላይ ጥያቄ ያስነሳል፣ የሞተሩን የመሸጫ ዋጋ ይነካል፣ የነጂውንም ወገብ አይምርም። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ መለኪያ ነው። የማወዳድረውም ለባሕር ዳር ኮብልስቶን፣ ለባሕር ዳር ክረምትና እዚህ ለሚገኝ መለዋወጫ ነው። ሰፊ ጋራዥና ሙሉ መሣሪያ ባለበት አገር ለሚሠራ ሰው መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቦበር በፈረንጆቹ 1930ዎቹና 40ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው። ወጣቶች ሃርሌይ ዴቪድሰንና ኢንዲያን ሞተሮችን ገዝተው የፊቱን ፓራፋንጎ ያወልቃሉ፣ የኋላውን ያሳጥራሉ፣ ለመንዳት የማያስፈልገውን ብረት ሁሉ ይነቅላሉ። ዓላማቸው ማቅለል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠራዊት ትርፍ ሞተሮች በርካሽ ሲሸጡ ነገሩ ይበልጥ ተስፋፋ። ሃርሌይ ለጦርነቱ ያመረተው ደብልዩ ኤል ኤ የሚባለው ሞተር 250 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበርና ከእሱ ላይ ብረት መቀነስ በእርግጥም ለውጥ ያመጣል። ሻንሲ ቆርጦ የፊቱን ፎርኬላ (ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) ማርዘም የመጣው በኋላ ነው፤ ያ ቾፐር ይባላል፣ ሌላ ነገር ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት "የኋላ ሞላ ያለው ቦበር አይባልም" ለሚሉ ልጆች ነው። የድሮዎቹ ቦበሮች የኋላ ሞላ ያልነበራቸው ባለቤቶቹ ቆርጠው ስላወጡት አይደለም። ፋብሪካው ራሱ አልሠራላቸውም። ትልልቆቹ ሃርሌዮች የኋላ ሾክ (ሞላ) ያገኙት በ1958 ነው። ስለዚህ ሾክ ያለውን ሞተር ገዝቶ፣ ሾኩን ቆርጦ ጥሎ "ኦሪጅናል ቦበር" ማለት ታሪኩን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ሌላም እውነት አለ። እኛ እጅ የሚገቡት አሮጌ ሞተሮች 100 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ከእነሱ ላይ አሥር ኪሎ ቢቀነስ ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም። እዚህ ቦበር የሚሠራው ለመልኩና ለደስታው ነው። ይህን አምኖ የጀመረ ሰው የሚቆርጠውም ያንሳል፣ የሚጸጸተውም ያንሳል።

የትኛውን ሞተር?

ዓይን የሚገባው አሮጌ ሞተር ብዙውን ጊዜ በግብርና ጽሕፈት ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ግቢ ዘመኑን የጨረሰ ያማሃ ወይም ሆንዳ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለቦበር በጣም የሚመቸው ብዙ ሰው የሚንቀው ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ቱ ስትሮክ (ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር እያቃጠለ የሚሠራ) ነው፤ 97 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፣ በግራም በቀኝም የሚቆምበት እግር አለው፣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። ይህን ሁሉ ስትፈቱለት ከሥር የሚወጣው አጭር፣ ቀላል፣ ሁለት የኋላ ሾክ ያለው ሻንሲ ነው። ግማሹ ቦበር በ10 እና በ12 ቁልፍ ብቻ አለቀ ማለት ነው። ድክመቱ ጉልበት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ማንኛውም ባለ ካርቡራቶር ኢንጂን ፋብሪካው ከሚለው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከ97 ሲሲ ላይ ይህ ሲቀነስ የቤዛዊትን ዳገት በማርሽ ብዛት ነው የምትወጡት።

ያማሃ ዲቲ 125 እና 175 የተሻለ ጉልበት አላቸው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የወጡት ደግሞ ለቦበር ሠሪ ትልቅ ጸጋ ይዘው መጥተዋል፦ ከኋላ ሁለት ሾክ የላቸውም። አንድ ሾክ ብቻ ከሰርባቶዮው (ከቤንዚን ታንኩ) ሥር ተጋድሞ ይቀመጣል፤ የኋላውን ጎማ የሚይዘው ፎርኬላም ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ረጅሙን መቀመጫና የጎን መሸፈኛዎቹን ስታወልቁ ሞተሩ ከሩቅ ሲያዩት ሞላ አልባ ይመስላል፣ ሲነዱት ግን ሞላው እየሠራ ነው። ሃርሌይ ራሱ በ1984 ሶፍቴል ብሎ ያወጣው ሞተር ሾኩን ደብቆ የድሮውን መልክ የመለሰ ነው፤ ትራያምፍም ኋላ ላይ ያወጣው ቦኔቪል ቦበር በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። የዲቲዎቹ ድካም ቁመታቸው ነው። ለጭቃና ለገደል የተሠሩ ስለሆኑ ከፊት 21 ኢንች ጎማ ይዘው ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ ዝቅ ለማድረግ ከፊትም ከኋላም መነካካት አለባቸው።

ሦስተኛው መንገድ ፎር ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀል) ነው። እዚህ የምመክረው ሆንዳ ሲጂ 125ን እና እሱን መስለው የተሠሩትን የቻይና ሞተሮች ነው። ሲጂ በ1976 ሲወጣ የታሰበው ዘይቱ በጊዜው ለማይቀየርለት፣ ከልክ በላይ ለሚጫን፣ ብዙ ጥገና ለማያገኝ ሰው ነበር። ቫልቮቹ በዘንግ የሚገፉ ናቸው፣ ቫልቮቹን የሚያሠራ ካቴና የለውም፣ የሚበላሸው ነገር ጥቂት ነው። ኮፒው በብዛት ስለተመረተ ፒስተኑም፣ ፋሻውም፣ ጓርኒሲዮኑም ከሱቅ አይጠፋም። "ቪንቴጅ ነው ወይ?" ካላችሁኝ የመጀመሪያዎቹ ሆንዳዎች አዎ፣ የቻይናዎቹ አይደሉም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ከእነዚህ የተሻለ ደብተር የለም፤ ቢበላሽ እንኳ ሌላ መግዛት ይቻላል።

ያማሃ ኤክስ ቲ 600ን ተውት። ጉልበቱ ያማልላል፣ ድምፁም ያምራል፤ ነገር ግን መቀመጫው ከመሬት ከ85 ሴንቲሜትር በላይ የሚቆም ረጅም ፍየል ነው። እሱን ቦበር ለማድረግ የሚያስፈልገው መቁረጥና መበየድ አዲስ ሻንሲ ከመሥራት አይተናነስም። ደህና የቆየ ጃዋ 350 በእጃችሁ ካለ ደግሞ ከነሙሉነቱ አድሱት፤ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ቱ ስትሮክ፣ ርግጫውና ማርሹ በአንድ ብረት የሚሠራው ሞተር እንዳለ ነው የሚያምረው።

የትኛውንም ስትገዙ ከኢንጂኑ ድምፅ በፊት ሊብሬውን እዩ። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ከብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ሊሆን ስለሚችል ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ያለዚህ ስም ማዛወር አይቻልም፤ ሞተሩ አምሮ ተሠርቶ ግቢ ውስጥ ይቀራል።

ዋናው ውሳኔ፦ የኋላው

ብዙው ክርክር ያለው እዚህ ነው፣ ብዙው ገንዘብም የሚባክነው እዚህ ነው። አማራጮቹ ሦስት ናቸው፦ የኋላውን ሻንሲ ቆርጦ ሃርድቴይል (የኋላ ሞላ የሌለው) ማድረግ፣ አጠር ያለ ሾክ ማሰር፣ ወይም እንዳለ መተው።

ሃርድቴይል መልኩ ወደር የለውም። ከመሪው አንገት ተነሥቶ እስከ ኋላ ጎማው መሐል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ሥራውም ሲያልቅ ቀላል ነው፤ የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ስለማይሄድ የካቴናው ውጥረት አይለዋወጥም፣ የሚያልቅ ቡሽ የለም፣ የሚያፈስ ሾክ የለም። ዋጋው ግን በየቀኑ ይከፈላል። የባሕር ዳር ዋና ዋና መንገዶች አስፋልት ናቸው፤ ቤታችሁ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ኮብልስቶን ላይ ወይም ክረምት በከፋፈተው የጠጠር መንገድ ላይ ነው። እዚያ ላይ ሞላው እናንተ ትሆናላችሁ። ንዝረቱ በነጂው ብቻ አያበቃም፤ የአምፖል ክር ይበጥሳል፣ የታርጋ ማሰሪያ ይሰነጥቃል፣ ቡሎን ያላላል፣ ከሁሉም በላይ አዲሱን ብየዳ ይፈትናል።

ብየዳው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የሞተር ሻንሲ ግድግዳው ቀጭን ቱቦ ነው። በር ሲበይድ የዋለ ሰው በዚያው ኤሌክትሮድና በዚያው ኃይል ከመጣበት ይበሳዋል፤ ወይም ከላይ ብቻ ለጥፎ ያምርለትና ከሥር ሳይያያዝ ይቀራል። ለኋላው አዲስ ክፍል የውሃ ቱቦ የሚጠቀሙም አሉ። አታድርጉት። የውሃ ቱቦ ውሃ እንዲያሳልፍ እንጂ ሰው እንዲሸከም አልተሠራም፤ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስም በያጁን ማታ በትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። ስፌት የሌለው የብረት ቱቦ ካልተገኘ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

አንድ ልጅ ኤጂውን እየገፋ ብየዳ ቤት ሲመጣ አይቻለሁ። በያጁ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ እጃቸው በእሳት ጠባሳ የተሞላ ናቸው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ይደርስልኛል?" አላቸው።

"መቁረጡ አሁን ይደርሳል" አሉ ግራይንደሩን መሬት አስቀምጠው። "ሲባጎ ይዘህ መጥተሃል?"

አልያዘም። ከሱቅ አስመጡና ከኋላው ጎማ ዙሪያ አስረው ሁለቱን ጫፎች በጎማው ግራና ቀኝ ወደ ፊት ሳቧቸው። የፊት ጎማው በሁለቱ ክሮች መሐል እኩል መቀመጥ ነበረበት። በግራ በኩል አንድ ጣት ገባ፣ በቀኝ ሁለት። ገና አንድም ቦታ ሳይቆረጥ።

"ይቺ አንድ ቀን ወድቃለች" አሉት። "ሳላቃናት ብበይዳት ጠማማነቷን ነው የማጸናልህ።"

ይህ የሲባጎ ነገር ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና ነው። ሞተር ልትገዙ ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። ሃርድቴይል የግድ ካላችሁም በያጁ ሞተሩን በብረት አልጋ ላይ አስሮ፣ ሁለቱን ጎማዎች በመስመር አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ እንዲቆርጥ አድርጉ። "በዓይኔ እለካዋለሁ" የሚል ሰው ጋር አትቆዩ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ልትሞክሩት የምትችሉት አንድ ዘዴ አለ። ሁለት የኋላ ሾክ ያለው ሞተር ከሆነ ሾኮቹን ፍቱና በምትካቸው ልክ የሆነ ጠንካራ ብረት እሰሩ። ሞተሩ ለጊዜው ሃርድቴይል ሆነ። በዚያ ሁኔታ ሥራ ተመላለሱበት፣ ቀስ ብላችሁ ጠጠር ላይም አውጡት። ከሳምንት በኋላም ከወደዳችሁት ቁረጡ። የማውቃቸው አብዛኞቹ ሾካቸውን መልሰው አስረዋል።

አጭር ሾክ የመሐሉ መንገድ ነው፤ ለኤጂም ለሲጂም እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት መልኩን በደንብ ይለውጠዋል። የሚያስከትላቸውን ነገሮች ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ኋላው ዝቅ ሲል የፊቱ ፎርኬላ ይበልጥ ይጋደማል፤ መሪው በቀጥታ መንገድ ይረጋል፣ ጠባብ ቦታ ላይ ሲያዞሩት ግን ይከብዳል። የጎን ማቆሚያው ስለሚረዝምበት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና በንፋስ ይወድቃል፤ ማቆሚያውን ማሳጠር አይቀርም። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ፓራፋንጎውን እንዳይነካም ሁለት ሰው አስቀምጣችሁ እዩ። በተቃራኒው የፊቱን ብቻ ዝቅ ማድረግ ወይም ከፊት ትንሽ ጎማ ማሰር መሪውን ቅብጥብጥ ያደርገዋል፤ በዳንግላ መስመር ላይ ከአይሱዙ ኋላ ስትነዱ የምትፈልጉት ነገር አይደለም።

የዲቲ ባለቤት ግን ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነጻ ነው። የኋላውን አትንኩት።

ማርሚታና ካርቡራቶር

አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ማፈኛ የሌለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) የቦበር ምልክት ሆኗል። ፎር ስትሮክ ላይ ይቻላል፤ ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል፣ ትራፊክም ያስቆማችኋል እንጂ ኢንጂኑ ይሠራል። ቱ ስትሮክ ላይ ግን ማርሚታው የኢንጂኑ አካል ነው። ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ የሚጠበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሲሊንደሩ የወጣው የጭስ ግፊት ጫፉ ላይ ደርሶ ይመለስና ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ያን ሆድ ቆርጣችሁ ቀጥ ያለ ቱቦ ስትሰኩበት ጉልበቱ ይሞታል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ድምፁም የጀልባ ሞተር ይሆናል። ስለዚህ ልባችሁ አጭር ማርሚታ ላይ ከሆነ ከመጀመሪያው ፎር ስትሮክ ግዙ። ኤጂ ወይም ዲቲ ከያዛችሁ የፋብሪካውን ማርሚታ አጽዱ፣ ዝገቱን አራግፉ፣ ሙቀት በሚችል ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ ያምራል።

ካርቡራቶሩ ላይ ሁለት ነገሮች ይሳሳባሉ። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የአየር ማጣሪያ ሣጥኑን አውልቃችሁ ክፍት ማጣሪያ ስትሰኩ ደግሞ አየሩ ይበዛል። አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል ብሎ መተው ቁማር ነው። ጥሩ አድርጋችሁ ከነዳችሁ በኋላ ኢንጂኑን በድንገት አጥፍታችሁ ካንዴላውን ፍቱና እዩት፦ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ካንዴላ ያለው ቱ ስትሮክ ፒስተኑን ሊያቀልጥ እየተዘጋጀ ነው። ለእኔ ሣጥኑን ማቆየት ይሻላል። ክፍት ማጣሪያ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ውሃ ይጠጣል።

ዲቲና ኤጂ ላይ ሌላ ፈተና አለ፤ የዘይት ታንኩ። ያማሃዎቹ ዘይቱን በራሱ ፓምፕ ከቤንዚኑ ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት አላቸው። ጎኑን ሲያራቁቱት ታንኩ መልክ ያበላሻልና ነቅለው በእጅ ቀላቅለው የሚነዱ ብዙ ናቸው። የድሮው ልማድ ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፤ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ብቻ ስለሆነ ጋዝ ዘግታችሁ በማርሽ ስትወርዱ ኢንጂኑ በፍጥነት እየዞረ ዘይት ግን አያገኝም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ዓባይ በረሃን ከደጀን ቁልቁል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ እዚያ ፒስተን ሲነክስ ማን ያነሣችኋል? ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ ተዉት፤ ታንኩን በቆዳ ቦርሳ መሸፈን ይቻላል።

መቀመጫ፣ ጎማ፣ ፓራፋንጎ

የአንድ ሰው መቀመጫ ቦበርን ቦበር ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ነው፣ እዚህ በርካሽና በጥራት የሚሠራውም እሱ ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ከሥሩ ሁለት ሞላ ያለው ሰፊ ኮርቻ፣ ሌላው ሻንሲው ላይ የሚተኛ ቀጭን መቀመጫ። ቀጭኑ ከኋላ ሾክ ጋር ብቻ ይሄዳል። ሞላ ያለውን ለማሠራት ሦስት ሚሊሜትር ላሜራ ላይ የመቀመጫውን ቅርጽ ቁረጡ፣ ጠርዙን ወደ ታች አጥፉ፣ ጠንካራ ስፖንጅ አስቀምጡ፣ ከዚያ ቆዳ ሰፊ ስጡት። የሞላው ምርጫ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሮጌ ፊኒክስ ብስክሌት ኮርቻ ሞላ በመልኩ ልክ ይመስላል፣ ለሞተር ግን ይለሰልሳል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም መሬት ነክቶ መልሶ ይወረውራችኋል። ቆዳውንም ከታች በኩል የውሃ መውጫ ቀዳዳ አበጁለት፣ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ስፖንጁ ውሃ ይዞ ሱሪያችሁ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ደግሞም አስቡበት፦ ይህቺ ከተማ "እስከ ፓፒረስ ጣል አድርገኝ" የሚል ዘመድ አታጣም። የድሮውን መቀመጫ አትሽጡት።

ጎማ ላይ ወፍራም 16 ኢንች የድሮውን መልክ ይሰጣል። ፎርኬላው ውስጥ መግባቱን፣ ካቴናውን አለመንካቱን ለኩ፤ ከሁሉ በፊት ግን ሱቅ ሄዳችሁ ጎማውና ካላማዳሪያው በመደርደሪያ ላይ መኖሩን እዩ። 18 ኢንች ላይ መቆየት የምመክረው ለዚህ ነው፤ ወፈር ያለ ጎማ ብቻ አስገቡበት። ቸርኬ መቀየር ካለባችሁ በብስክሌት የኖረች ከተማ ውስጥ ስለሆናችሁ ራጂ የሚወጥር እጅ አይጠፋም። የሞተር ራጂ ወፍራም ስለሆነ በሞተር ሥራ የሚታወቀውን ምረጡ።

የፊት ፓራፋንጎ፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አውልቁት፣ ሰኔ ላይ መልሱት። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም። የኋላውን ለማሳጠር የራሱን ከመቁረጥ ይልቅ ሌላ ያገለገለ ገዝታችሁ እሱን ቁረጡ፤ የፋብሪካው ቤት ይቀመጥ። ከጎማው መሐል ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ መስመር ብታሰምሩ ፓራፋንጎው ከዚያ መስመር ብዙ ከፍ ብሎ ካለቀ ጭቃው ጀርባችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ማኑብሪዮ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ገመዶቹ እንዳይወጠሩ ብቻ መሪውን እስከ ጫፍ ግራና ቀኝ አዙራችሁ እዩ። የፊት ፍሬን "ለንጽሕና" ብሎ መንቀል ግን የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው።

መብራቱን በተመለከተ ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች 6 ቮልት ናቸው። አምፖሉ በየሱቁ አይገኝም፣ ብርሃኑም ደካማ ነው። ወደ 12 ቮልት ማዞር ገንዘብ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለባጃጅ የሚሸጠው አምፖልና ክላክስ ሁሉ ለእናንተም ይሆናል። ፍሬቻና ስቶፕ ትንንሽ ይሁኑ እንጂ ይኑሩ። ታርጋን በጎን ማሰር ያምራል፤ ከኋላ ሆኖ የማይነበብ ከሆነ ግን መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ትቆማላችሁ።

ቀለምና ወረቀት

ጥሬ ብረት አጽድቶ ላዩን ብቻ በጥርት ያለ ቫርኒሽ መሸፈን አሁን ፋሽን ነው። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው አይሆንም፤ በአንድ ክረምት ከቫርኒሹ ሥር እንደ ሸረሪት ድር የሚሄድ ዝገት ታያላችሁ። በቆርቆሮ የሚሸጠው ስፕሬይ ለትንንሽ ዕቃ ይበቃል፤ ሰርባቶዮ ላይ ግን ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይላጣል። ሰርባቶዮውን ብቻ ለመኪና ቀለም ቀቢ ስጡ፣ የቀረውን ራሳችሁ ሥሩ። ውስጡ ዝጎ ከሆነ ከመቀባቱ በፊት ኮምጣጤና አሮጌ ቡሎኖች ጨምራችሁ ናጡት፣ በሶዳ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁና ትንሽ ዘይት አዟዙሩበት። ቀዳዳ ካለውና ብየዳ ከፈለገ ባዶ ሰርባቶዮ ላይ እሳት አታስጠጉ። የቤንዚን ተን ከቤንዚኑ ይልቅ አደገኛ ነው። ደጋግሞ ታጥቦ፣ እስከ ብየዳው ቦታ ድረስ ውሃ ተሞልቶ ነው የሚበየደው።

ቀለም ከቀየራችሁ ሊብሬው ላይ ያለውም መቀየር አለበት። ሻንሲ የሚነካ ሥራ ካሰባችሁ ከመቆረጡ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ለዓመታዊ ምርመራ ቀርቦ ቦሎ ካላገኘ ሞተሩ ጌጥ ነው። ግራይንደሩም የሻንሲ ቁጥሩ ወደተመታበት አንገት አካባቢ ጭራሽ አይጠጋ። የሞተር እንቅስቃሴ ሰዓትና መመሪያ ስለሚለዋወጥ የወቅቱን እወቁ።

እንግዲህ ለማን የቱ?

በየቀኑ ከሽምብጥ ወይም ከዓባይ ማዶ ሥራ ለምትመላለሱ፦ ሲጂ ወይም የቻይና ወንድሙ፣ አጭር ሾክ፣ ሞላ ያለው መቀመጫ፣ ሁለቱም ፓራፋንጎ። ቅዳሜ ቅዳሜ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ጢስ ዓባይ ለምትወጡ፦ ዲቲ፣ የኋላው ሳይነካ፣ ማርሚታው ሳይቆረጥ። በትንሽ ገንዘብ፣ ምንም ሳይበየድ ቦበር ማየት ለሚፈልግ፦ ኤጂ 100 እና አንድ ሙሉ የቁልፍ ስብስብ። አመሻሽ ላይ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ በዘንባባው ጎዳና ቀስ ብሎ ተመልሶ ቤት ለሚገባ፣ ሌላ ሞተርም ላለው ሰው ብቻ፦ ሃርድቴይል፤ እሱም ሾኩ በብረት ተተክቶ ከተሞከረ በኋላ።

መፍታቱን ጥቅምት ላይ ጀምሩ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ በተለይ የሽቦውን መንገድና ካርቡራቶሩን። ቡሎንና ዳዶውን በየቦታው ለይታችሁ በጣሳ አስቀምጡ፣ ጣሳው ላይ ጻፉበት። ቀለሙን ደረቁ አየር ሳያልፍ፣ ከግንቦት በፊት አስጨርሱ።